በፒኤችፒ ተደራራቢ አሬይ ላይ ሉፕ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

አሬይ ብዙ ዋጋ በየቁልፉ (በየስሙ ወይም በየቁጥሩ) የሚይዝ ዝርዝር ነው፤ ተደራራቢ የሚባለው ውስጡ ሌላ አሬይ ሲይዝ ነው። ሉፕ ደግሞ አንድን ሥራ እየደጋገመ የሚያዞር ኮድ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ጅማ አካባቢ ያለ የቡና ማኅበር የሚይዘውን ዓይነት መዝገብ ነው፤ ላይ ወረዳዎቹ ጎማ፣ ማና፣ ጌራ፤ በየወረዳው ሥር እሸት (ትኩስ) እና ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ) ቡና በኪሎ። ፒኤችፒ ለቫሪያብል ስም የግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል $መዝገብ["ጎማ"]["እሸት"] ብሎ መጻፍ ይቻላል። ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት $መዝገብን በፕሪንት አር (የአሬይን ይዘት በሚያሳትመው ትእዛዝ)፣ ቅርጹን በሚጠብቀው የኤችቲኤምኤል ፕሪ ታግ ውስጥ አሳትማችሁ ቅርጹን እዩ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሉፑ ሳይሆን ዳታው ስንት ደረጃ እንዳለው የተገመተው ነው። ከታች እያንዳንዱ አንቀጽ በሚታየው ችግር ይጀምራል።

በኪሎው ፈንታ "አሬይ" የሚል ቃል ይወጣል። አንድ ፎርኢች (የአሬይን ክፍሎች አንድ በአንድ የሚያዞር ሉፕ) የሚወርደው አንድ ደረጃ ብቻ ስለሆነ እጃችሁ የገባው ቁጥር ሳይሆን የወረዳው ሙሉ አሬይ ነው። ውስጡ ሁለተኛ ፎርኢች ጨምሩ። ከፒኤችፒ 8 ጀምሮ ይህ ዋርኒንግ ያወጣል፤ ቀድሞ ኖቲስ (ከዋርኒንግ የቀለለ ማሳሰቢያ) ብቻ ስለነበር፣ ኖቲስ በተደበቀበት አሮጌ ሰርቨር ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ያልፋል።

"አንዲፋይንድ አሬይ ኪ" (እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም) ይላል፣ ቁልፉ ግን በዓይን ይታያል። እኛ ፊደል ተጠቃሚዎች በተለይ የምንያዝበት ነው። "ሰቃ ጨቆርሳ" እና "ሠቃ ጨቆርሳ" ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለፒኤችፒ ግን ሁለት የተለያዩ ቁልፎች። ከኤክሴል የመጣ ስም መጨረሻ ላይ የተረፈ ክፍት ቦታም እንዲሁ ያደርጋል። ስሙን መዝገብ ውስጥ ስታስገቡ በትሪም አጽዱ፣ ሞክሼ ፊደላትንም ወደ አንድ አምጡ። ከዚያም ይበልጥ አስተማማኙ ለቁልፍ የወረዳ መለያ ቁጥር መጠቀም ነው።

የመጨረሻው ወረዳ ኪሎ ጠፍቶ ከሱ በፊት ያለው ወረዳ ኪሎ ይደገማል። የጎማ፣ የማና፣ የጌራ የነበረው ኪሎ የጎማ፣ የማና፣ የማና ይሆናል። የመጀመሪያው ፎርኢች $ወረዳን በ& ምልክት ከወሰደ (ቅጂውን ሳይሆን ዋናውን ክፍል ማለት ነው)፣ ሉፑ ካለቀ በኋላም $ወረዳ ከመጨረሻው ክፍል ጋር እንደታሰረ ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣ፣ ያለ &፣ ግን በዚያው ስም የሚዞር ሉፕ እያንዳንዱን ዋጋ እዚያ ክፍል ላይ ይጽፋል፤ መጨረሻው ተራ ሲደርስ እዚያ የሚያገኘው የማናን ዋጋ ነው። ከመጀመሪያው ሉፕ መዝጊያ ቀጥሎ $ወረዳን አንሴት አድርጉ (እስሩን ፍቱ)። የተሻለው ግን & ጨርሶ መተው፣ በቁልፉ በኩል $መዝገብ ላይ በቀጥታ መጻፍ ነው።

ገጹ አይከፈትም፣ ወይም አንድ ወረዳ ብቻ ይታያል። በቁጥር በሚዞር ፎር የውጪውም የውስጡም ሉፕ ቆጣሪ $ቁ ሲሆን የሚመጣ ነው። ውስጠኛው ከ0 ጀምሮ ሁለት ጊዜ ዞሮ $ቁን 2 ላይ ይተዋል፣ ውጪው አንድ ጨምሮ 3 ያደርገዋል። ወረዳው ሦስት ከሆነ ሥራው ከአንደኛው በኋላ ያበቃል፤ አራት ከሆነ ግን 3 ከ4 ስለሚያንስ እንደገና ይገባል፣ ማቆሚያም የለውም። ለየደረጃው የተለያየ ስም ስጡ።

ከጄሰን (ዳታ በጽሑፍ ከሚተላለፍበት ቅርጽ) የመጣ ዳታ ላይ ይሰናከላል። "ካኖት ዩዝ ኦብጀክት" ካለ ኦብጀክት ሳይሆን አሬይ እንዲመልስ ለጄሰን ዲኮድ ሁለተኛ ግቤት ትሩ ስጡት። ፎርኢች አሬይ አልተሰጠኝም ካለ ዲኮዱ ነል (ባዶ) መልሶ ሊሆን ስለሚችል ጄሰን ላስት ኤረር ኤምኤስጂን አሳትሙ፤ ከመጨረሻው ክፍል በኋላ የቀረች አንዲት ኮማ ትበቃለች።

ቆጠራው ይበዛል። ካውንት የተባለው መቁጠሪያ በሪከርሲቭ (ወደ ውስጠኛው ደረጃም እንዲወርድ) ሲታዘዝ ወላጆቹንም ይቆጥራል፤ ለሦስት ወረዳና ለየአንዳንዱ ሁለት የቡና ዓይነት 6 ሳይሆን 9 ይሰጣል። ኪሎዎቹን ብቻ ለመድረስ አሬይ ዎክ ሪከርሲቭ ይሻላል፣ የወረዳውን ስም ግን አያሳያችሁም።