ውሃና አርክ ባዝልት፦ ጅማ ላይ ተማሪን ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ጅማ ላይ ጂኦሎጂ የሚማሩ ልጆችን ሳስጠና ሁሌ የሚምታታባቸው ርዕስ አለ፤ ውሃ በአርክ ባዝልት ላይ የሚሠራው ሥራ። ባዝልት ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። አርክ የምንለው አንዱ የምድር ሰሌዳ በሌላው ሥር ሲጠልቅ ከላይ የሚሰለፈውን የእሳተ ገሞራ ቅስት ነው። ጃፓንን፣ ኢንዶኔዥያን፣ አንዲስን አስቡ።

የመጀመሪያው ስህተት ከደጃችን ይጀምራል። የጅማን ጥቁር ድንጋይ አንስቶ «ይኸው አርክ ባዝልት» ማለት። አይደለም። የእኛ ባዝልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማና ከዚያም በፊት፣ ትኩስ ማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ዐለት) ከሥር ሲገፋ በአህጉሩ ላይ የፈሰሰ ነው። የጠለቀ ሰሌዳ የለበትም። ከአገር ሳይወጣ የአርክ ዐለት ማየት የሚፈልግ ወለጋ ይሂድ፤ እዚያ ያለው ግን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዕድሜ ያለው፣ ሙቀትና ግፊት የለወጠው ነው። ኒዮቢየም የተባለው ንጥረ ነገር በአርክ ዐለት ውስጥ ዝቅ ስለሚል «ኒዮቢየሙ ዝቅ ብሏል፣ ስለዚህ አርክ ነው» የሚሉም አሉ። ማግማው (የቀለጠው ዐለት) ሲወጣ የአህጉር ቅርፊት ቢቀላቀልበትም ኒዮቢየም ዝቅ ይላል። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በፈተና ወረቀት ላይ የማይጠፋው ደግሞ «የጠለቀው ሰሌዳ ቀልጦ ባዝልት ሆነ» የሚለው ነው። ሰሌዳው ቀዝቃዛ ነው። ይዞ የሚወርደው እንደ ሰርፔንቲንና አምፊቦል ባሉ ማዕድናት ውስጥ የታሰረ ውሃ ነው። ሙቀትና ግፊት ሲጨምር ማዕድናቱ ይፈርሳሉ፣ ውሃው ይለቀቃል፣ ከሰሌዳው በላይ ወዳለው ማንትል ይገባል፤ የማንትሉን የመቅለጫ ሙቀትም በመቶዎች ዲግሪ ያወርደዋል። የሚቀልጠው በዋናነት ማንትሉ ነው። ከእሳተ ገሞራዎቹ ሥር የሰሌዳው ጀርባ በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ከባሕር ወለል የወረደ ነገር በእርግጥ ተመልሶ እንደሚወጣ የሚመሰክር ድንቅ ማስረጃም አለ። ቤሪሊየም 10 የተባለው ራዲዮአክቲቭ አቶም ከባቢ አየር ላይ ተፈጥሮ የባሕር ጭቃ ውስጥ ይቀመጣል። ግማሽ ዕድሜው 1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በኒካራጓ ላቫ ውስጥ ተገኝቷል!

«ውሃ የመቅለጫ ሙቀት ያወርዳል» ብሎ ማቆምም ስህተት ነው። ለሁሉም ማዕድን እኩል አያወርድም። ውሃ በቅልጡ ውስጥ ሲሊኮንና ኦክስጅን የተያያዙበትን ሰንሰለት ይበጥሳል። በዚህ ክፉኛ የሚጎዳው ፕላጂዮክሌዝ (አሉሚኒየም፣ ካልሲየምና ሶዲየም የያዘ ነጣ ያለ ማዕድን) ነው፤ ብረትና ማግኒዚየም የያዙት ኦሊቪንና ፓይሮክሲን ያን ያህል አይነኩም። ስለዚህ ፕላጂዮክሌዝ ዘግይቶ ይመጣል። እስኪመጣ ድረስ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) በቅልጡ ውስጥ ይከማቻል፤ ብዙ አርክ ባዝልት አሉሚና የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሲመጣም በካልሲየም በልጽጎ ይመጣል። አኖርታይቱ (በካልሲየም የበለጸገው ክፍሉ) ከ90 በመቶ ያለፈ ፕላጂዮክሌዝ ባዝልት ውስጥ ካያችሁ ውሃ ጠርጥሩ። የአርክ ማግማ ይበልጥ ኦክሲዳይዝድ (ብረቱ ከኦክስጅን ጋር አብዝቶ የተዋሃደ) ስለሆነ የብረት ማዕድኑ ማግኔታይትም ቶሎ ይወጣና ብረቱን ይዞ ይሄዳል። የቀረው ማግማ በብረት ሳይሆን በሲሊካ (በሲሊኮንና ኦክስጅን ውህድ) እየበለጸገ ወደ አንደሳይት፣ ከባዝልት ይልቅ ሲሊካ ወደሚበዛበት ዐለት፣ ያመራል። እኔ ፈታኝ ብሆን የምጠይቀው ይህን ነው።

ክሪስታል የሚያድገው በቅዝቃዜ ብቻ የሚመስለውም ብዙ ነው። አምቦ ውሃ ሲከፈት ግፊቱ ይወርድና ጋዙ ያመልጣል። ማግማም ወደ ላይ ሲወጣ ውሃውን በአረፋ መልክ ያጣል። ልዩነቱ፣ ውሃው ሲሄድ አወርዶት የነበረው የመቅለጫ ሙቀት ይመለሳል፤ ማግማው ሳይቀዘቅዝም ክሪስታል ይሞላዋል።

የመጨረሻው የላብራቶሪ ጉዳይ ነው። የተፈጨ ድንጋይ ተግሎ የጠፋውን ክብደት «የማግማው ውሃ» ብሎ መጻፍ። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበትና አፈሩ በቀላበት አገር ያ ቁጥር በአብዛኛው የሸክላ ማዕድን ውሃ ነው። የማግማው ውሃ የሚፈለገው ኦሊቪን ሲያድግ በሆዱ ባስቀራት ጠብታ ብርጭቆ (ክሪስታል ሳይሠራ የጠጠረ ማግማ) ውስጥ ነው። በዚህ መንገድ ሲለካ የአርክ ባዝልት ውሃ በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ሰሌዳዎች በሚለያዩበት የውቅያኖስ ሸንተረር የሚወጣው ባዝልት ግን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። አራቱ በክብደት ነው፤ በሞል (በሞለኪውል ብዛት) ሲሰላ ከ10 በመቶ ያልፋል። ኦሊቪንም ቢሆን ፍጹም ማሰሮ አይደለም። ሃይድሮጅን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ስለዚህ የተለካውን እንደ ዝቅተኛ ወሰን ያዙት።