ለዓመታት የቆመ የ1959 ካዲላክ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ

የ1959 (እ.ኤ.አ.) ካዲላክ ስሙ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ኋላ ክንፎቹ ነው። ሰብሳቢ ግን ኪሱን ከመንካቱ በፊት ኮፈኑን ያስከፍታል። እዚያ ውስጥ 390 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ገደማ የሆነ ቪ8 አለ። ጉልበቱ 325 ፈረስ ነው። ሦስት ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው፣ ኤልዶራዶ የሚባለው የካዲላክ ሞዴል ሞተር 345 ይደርሳል። የመኪናው መለያ ቁጥር ብሎኩ ላይም ተመትቷል፤ ስለዚህ ብሎኩን አውጥቶ የሼቭሮሌት ሞተር የተከለ ሰው መኪናውን ቢነዳውም ዋጋውን ጥሎታል። ጋራዥ ውስጥ የተረሳ ካዲላክ ካገኛችሁ ቁልፉን ለመጠምዘዝ አትቸኩሉ።

1. ባትሪውን ንቀሉ፣ ማርሹን ኒውትራል አድርጉ። ስምንቱንም ካንዴላ አውጡና በየሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ደርድሩ። ከመሃላቸው የዛገ ካለ ችግሩ የት እንዳለ ጠቆማችሁ ማለት ነው።

2. ሞተሩን በእጅ አዙሩ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው። አሴቶንና የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት እኩል ቀላቅሉና በየካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። በር ይከፈት፣ ሲጋራ የሚባል ነገር አይታይ። ሱቅ የሚሸጠው ስፕሬይም ይሠራል፣ እኔ ግን ለቆርቆሮው መክፈል አይታየኝም። ለጥቂት ቀናት ተዉት።

ከዚያ እጀታው ረዘም ያለ ቁልፍ የፊተኛው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ቡሎን ላይ አስገብታችሁ፣ ከፊት ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ገፋ አድርጉ። ወደ ግራ ከሆነ የሚዞረው ሞተሩ ሳይሆን ቡሎኑ ሊሆን ይችላል። እምቢ ካለ እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክታችሁ አትታገሉት። ድብልቁን ጨምሩና ነገ ተመለሱ። ፀጉር ታህል ከተነቃነቀ መንገድ ይዟል።

ሞተሩ ዞረ ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። የሁለቱንም ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን አንሱና ሰው እያዞረላችሁ እዩ። በሁለት ሙሉ ዙር 16ቱም ቫልቮች አንድ አንዴ ወርደው መመለስ አለባቸው። የወረደው ካልተመለሰ ዘይት አንጠባጥቡበትና ጫፉን በፕላስቲክ መዶሻ ነካ ነካ አድርጉት። አንድ ወዳጄ ይሄን ዘሎ በቀጥታ በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) አስነሳው። የተጣበቀው ቫልቭ አልከፈት ብሎ የሚገፋው ዘንግ ታጠፈ፣ ቴስታታውም መውረድ ግድ ሆነ።

3. ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ። የወጣው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና እዚያው አቁሙ። አዲሱ ዘይት ለአሮጌ ሞተር የተሠራ፣ ዚንክ ያለው ይሁን። ባትሪ ግጠሙና ካንዴላዎቹ እንደወለቁ፣ የእሳቱ መስመርም እንደተነቀለ በሞተሪኖ አጠር አጠር አድርጋችሁ አዙሩ። ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቫልቮቹ ጋ ሲደርስ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

4. የመኪናውን ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) ለጊዜው እርሱት። የከረመ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል። ንጹህ ቤንዚን ከትንሽ ጀሪካን በጎሚኒ ወደ ፓምፑ አገናኙ። የፓምፑ ላስቲክ የጥንቱ ከሆነ ቀድማችሁ ለውጡት፤ ኢታኖል ያለበት የዛሬ ቤንዚን ይበላዋል። ካርቡራተር ውስጥ የሚረጨውን ማስነሻ ስፕሬይ እኔ አልነካውም። የዚህ ሞተር ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ የሚታመቅበት መጠን) 10.5 ለ 1 ነው፤ ፍንዳታው ፒስተኑን ሊጎዳ ይችላል።

5. እሳት የለም? ከኮይሉ (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጠው ጥቅል) በፊት ፑንቲናውን (እሳቱን የሚቆርጥና የሚያገናኘውን ትንሽ መቆራረጫ) ጠርጥሩ። ቆሞ ሲቀር ፊቱ ይሻግታል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት፣ ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር ገደማ አድርጉ።

6. ክዳኑንና ካንዴላውን መልሱ፣ ራዲያተሩን ሙሉ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አድርጉና አስነሱ። መጀመሪያ ላይ ቫልቮቹ ጠቅ ጠቅ ቢሉ አትደንግጡ፤ ዘይት ሲሞላቸው ዝም ይላሉ። ካልቆመ አጥፉት።

ከተነሳ በኋላ ሰፈሩን አንድ ዙር ማለት ያምራችኋል። የ1959ኙ ፍሬን ግን ባለ አንድ መስመር ነው። አንድ የዛገ ቱቦ ከፈነዳ የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይሄዳል። ካዲላክ መስመሩን ለሁለት የከፈለው በ1962 ነው። የፍሬን ቱቦዎቹና ጎሚኒዎቹ ተቀይረው እስኪያልቁ መኪናው ከጋራዥ አይውጣ።