አሮጌ ትራክተር ሲቀየር፦ ለጣና ዳር እርሻ የትኛው ብራንድ?

ባሕር ዳር ላይ ትራክተር ልቀይር ብሎ አፉን የከፈተ ሰው ምክር አይቸግረውም። አንዱ በማሲ ፈርጉሰን ይምላል። ሌላው «ኩቦታ ካልሆነ አትልፋ» ይላል። ለደላላው ደግሞ ግቢው ውስጥ የቆመው ሁሉ ምርጥ ነው። የኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ ብራንዱን መጨረሻ ላይ ምረጡ። መጀመሪያ አፈሩን እዩ፣ ከዚያ ቤት ያለውን ማረሻ፣ ከዚያ የመለዋወጫ ሱቁን። ይህን ስትጨርሱ በእጃችሁ የሚቀረው ሁለት ወይም ሦስት ስም ነው።

እዚህ አነስተኛ የምለው ከ25 እስከ 55 ፈረስ ጉልበት ያለውን ትራክተር ነው።

1. ከአፈሩ ጀምሩ

መራዊና ወረታ ሁለቱም ለባሕር ዳር ቅርብ ናቸው። ለትራክተር ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው።

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ዋልካ ነው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍትና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ደግሞ ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ያለሰልሰዋል። ያኔ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ለሩዝ ማሳ ጭቃ የምታቦኩ ከሆነ ክብደት ጠላታችሁ ነው። ከባድ ትራክተር በገዛ ክብደቱ ይሰምጥና ሌላ ትራክተር መጥቶ እስኪጎትተው ይቆማል። ለዚህ ሥራ ቀላልና ፎር ዊል የሆነ ይሻላል። የፊት አክሰሉ ጭቃ ውሃ ውስጥ ስለሚውል ዘይት የሚያግዱት የላስቲክ ቀለበቶች ደህና መሆናቸውን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ደረቅ ዋልካ ለመገልበጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክብደት የሌለው ትራክተር ማረሻውን መጎተት አቅቶት ይንሸራተታል። ሁለቱንም ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ቀላሉን ግዙና ክብደት የሚጨመርበት መሆኑን አረጋግጡ፤ ለደረቁ ጊዜ ከፊት ብረት ታንጠለጥላላችሁ፣ ከኋላ ጎማ ውስጥ ውሃ ትሞላላችሁ።

በመራዊ በኩል፣ ቆጋ መስኖ አካባቢ ያለው ቀይ አፈር የዋህ ነው። እዚያ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ 45 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። ለፎር ዊል የምትከፍሉት ትርፍ ገንዘብ ለተሳቢ ቢውል ይሻላል እላለሁ።

2. የወረቀቱን ጉልበት ቀንሱ

ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 45 ፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚህ 37 ቢሆን ነው። ፒቲኦው ላይ፣ ማለትም መውቂያና ፖምፓ የሚያዞረው የኋላ ዘንግ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ተርቦ ያለው ከፍታን የተሻለ ይቋቋማል፤ ግን ተርቦ ንጹሕ ዘይትና ንጹሕ የአየር ፊልትሮ ይፈልጋል። አቧራ ላይ እየዋለ ፊልትሮ የማይጸዳለት ከሆነ ባይኖረው ይሻላል።

ጠርዝ ላይ ያለ ጉልበት አትግዙ። ሥራችሁ 40 ከጠየቀ 50 ግዙ።

3. ቤት ያለውን ማረሻ ለኩ

አሮጌው ትራክተር ሲሸጥ ማረሻው፣ ሃሮው (መከስከሻው) እና ተሳቢው ብዙ ጊዜ ቤት ይቀራል። ሜትር ይዛችሁ ግቡ። የታችኞቹ ማንጠልጠያ ክንዶች የሚገቡበት ፒን ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ ምድብ አንድ ነው፤ 28 ከሆነ ምድብ ሁለት። ትንንሾቹ ትራክተሮች ብዙዎቹ ምድብ አንድ ናቸው። ከትልቅ ማሲ የተረፈ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ከነሱ ጋር አይገጥምም። በግድ ቢገጥም እንኳ ማንሳት ያቅታቸዋል፣ የፊት እግራቸውም ይነሳል። ፒቲኦውንም እዩ፦ በደቂቃ 540 ዙር፣ ባለ ስድስት ጥርስ፣ ውፍረቱ 35 ሚሊ ሜትር ከሆነ መውቂያውም ፖምፓውም ይገጥማል።

አዲስ ማረሻ መግዛት ግድ ከሆነ ዋጋውን ከትራክተሩ ጋር ደምሩ። ርካሽ የመሰለው ብራንድ እዚህ ላይ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

4. አሁን ስለ ብራንድ እናውራ

ማሲ ፈርጉሰን፦ ብዙ ሰው የሚቀይረው 135ን ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተሩን መካኒኮቻችን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል። ያው የሞተር ዘር 240 ላይም ስለገባ፣ ከ135 ወደ 240 የሚሄድ ሰው ብዙ እንግዳ ነገር አይገጥመውም። ግን ማሲ የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም። እንግሊዝ የተሠራ አለ፣ የፓኪስታኑ ሚላት የሚሠራው አለ፣ በሕንዱ ታፌ የተሠራም አለ። ትራክተሩ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካውን የብረት ታርጋ አንብቡ። መለዋወጫ የሚታዘዘው በሱ ነው።

ማሂንድራና ሶናሊካ፦ ሁለቱም ሕንዳዊ ናቸው። ማሂንድራ በቁጥር ሲታይ በዓለም ብዙ ትራክተር ከሚሸጡት ግንባር ቀደሙ ነው። ጠንካራ ብረት፣ ቀላል አሠራር፣ ከባድ ሰውነት። መቀመጫውና ማርሹ ምቾት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ የሚነዳው ልጃችሁ ይነግራችኋል። ለቀይ አፈርና ለጭነት እኔ ከነዚህ አልወጣም።

ኩቦታ፦ ለሩዝ አገር የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤል በሚለው ተከታታይ ያሉት ቀላል ናቸው፣ ብዙዎቹም ፎር ዊል ናቸው። የፊት አክሰሉ ጊር ዘይት ውስጥ ታሽጎ ስለሚሠራ ጭቃ አያስቸግረውም። ለፎገራ ሩዝ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ጉድለቱ ዕቃው ውድ መሆኑና ቆሻሻ ናፍጣ አለመውደዱ ነው። ናፍጣ ሲጠፋ በጄሪካን የተገዛውን ሳታጣሩ ካፈሰሳችሁበት ናፍጣ የሚረጨው ኢንጄክተር ተበላሽቶ ትከፍሉበታላችሁ።

ጆን ዲርና ኒው ሆላንድ፦ ጥሩ ማሽኖች ናቸው፤ ዋጋቸውም ያንኑ ይናገራል። አሮጌ ፎርድ ያለው ሰው «ኒው ሆላንድ ያው ፎርድ ነው» ሲባል እንዳይሸወድ። ፊያት የፎርድን ትራክተር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1991 መግዛቱ እውነት ነው። ያ ማለት ግን የድሮው ዕቃ አዲሱ ላይ ይገባል ማለት አይደለም።

ቻይናዎቹ ዪቶ፣ ዶንግፌንግና ሎቮል በዋጋ ያሸንፋሉ። ሞተሩን ማን እንደሠራው ጠይቁ። አንዱ ሞዴል በተለያየ ሞተር ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ «የዚህ ሞዴል ፊልትሮ ስጠኝ» ብሎ ነገር አይሠራም።

የተለመደው ቤላሩስ 80 ፈረስ ጉልበት፣ ከሦስት ቶን በላይ ነው። እሱ የኪራይ አራሽ ማሽን ነው፤ እዚህ ጨዋታ ውስጥ አይገባም።

5. ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫ ገዢ ሁኑ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የአምስት ዕቃ ዝርዝር ጻፉ፦ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የውሃ ፖምፓ፣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ። ባሕር ዳር ያሉ ሱቆችን ዙሩ። ትራክተር ልትገዙ እንደሆነ አትናገሩ፤ የተበላሸ ትራክተር እንዳላችሁ ሁኑና «አለ?» በሉ። «ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ» ካሉ በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠይቁ። ሰኔ ላይ አንድ ሳምንት መቆም ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል።

ከአምስቱ ሦስቱ እዚሁ መደርደሪያ ላይ ያልተገኘለትን ብራንድ እኔ አልገዛም፤ የፈለገ ቢያምር። ዋጋውንም ጻፉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ በኋላ፣ ያምናው የመለዋወጫ ዋጋ ለዘንድሮ አይሠራም።

6. ማሽኑን በብርዱ ፈትኑ

ያገለገለ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩም እንዳይነሳ ቀድማችሁ ተናገሩ። ስትደርሱ ቴስታታውን በእጅ ንኩ። ሙቅ ከሆነ ሰውየው የሚደብቀው ነገር አለ። የዘይት መለኪያውን አውጡ፤ ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ተሰናበቱ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፤ ጭስ እየገፋ ከወጣ ፒስተኑና ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር) ደክመዋል።

ከዚያ ማረሻ አንጠልጥላችሁ አንሱና ሞተሩን አጥፉ። ሻይ ጠጡ። ስትመለሱ ማረሻው መሬት ላይ ከተኛ ሃይድሮሊኩ ያፈሳል።

አዲስም ቢሆን ማሳ ላይ ሳያርስ አትፈርሙ። አስፋልት ላይ የማይነዳ ትራክተር የለም።

7. ወረቀቱ

የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ሊገባ ስለሚችል፣ ያገለገለ ስትገዙ ሊብሬው ብቻ አይበቃም፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንም እዩ። በነፃ የገባን ዕቃ ለሌላ ማስተላለፍ የራሱ ሕግ አለው።

ገንዘብ ካነሰ የሊዝ መንገድ አለ። ልማት ባንክም፣ ክልሉ ውስጥ ያለው ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስም ይሠሩበታል። በሊዝ ትራክተሩ እስኪከፈል ድረስ የእናንተ አይደለም፤ መሸጥም ማስያዝም አትችሉም። ክፍያው ከምርት ጊዜያችሁ ጋር እንዲገጥም ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ዋስትና ሲሰጣችሁ «አንድ ዓመት» በሚለው አትርኩ። መካኒኩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አበሉንና ትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል? ይህ በጽሑፍ ይግባ። የመጀመሪያው ሰርቪስ በአብዛኛው 50 ሰዓት ላይ ነው። የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ ያላስቀመጠ ሰው በኋላ ስለ ዋስትና ሲያወራ ሰሚ አያገኝም።