በኤልኢዲ መብራት ዳታ ስትልኩ እምቢ ካለ፦ ችግርና መፍትሄ

አምስት ኪሎ ላብ ውስጥም ሆነ ፒያሳ ኪራይ ቤት፣ በብርሃን የሚላክ ዳታ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኮዱ ነው። እሱን ለጊዜው ተዉት።

ቀን ይሠራል፤ ማታ የክፍሉ መብራት ሲበራ ዳታው ይበላሻል

የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይን አያየውም፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የተቀባዩ ፎቶዳዮድ ግን ያየዋል። ሰርኪዩቱን በባትሪ አስነሱና የክፍሉን መብራት አጥፉ። (መብራት ከሄደ ደግሞ ሙከራው በነፃ መጣላችሁ።) ዳታው ከተስተካከለ ጥፋተኛው ተገኘ።

ተቀባዩ ላይ ከጥቂት ኪሎኸርዝ በታች ያለውን የሚያስቀር ፊልተር አስገቡ። ግን ጣጣ አለው። ሞዱሌሽናችሁ (ዳታውን ብርሃኑ ላይ የምትጭኑበት ዘዴ) ተራ አብራ-አጥፋ ከሆነ፣ ዜሮዎች ሲደረደሩ ፊልተሩ እነሱንም ይበላቸዋል። ማንቸስተር ኮድ ጨምሩ፤ እያንዳንዱ ቢት መሃሉ ላይ ይገለበጣል። ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ እኔ ግን ሳላቅማማ እከፍለዋለሁ። የላኪው አምፖል ለዓይን ከተርገበገበም መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ብቻ ቅያሬው ከ200 ኸርዝ በላይ ይሁን።

በዝግታ ይሠራል፤ ሲፈጥን ይደበላለቃል

ሰው ወደ ኦኤፍዲኤም (ዳታውን በብዙ ፍሪኩዌንሲዎች ከፋፍሎ ባንዴ የሚልክ ዘዴ) ለመዝለል የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ቆይ! መጀመሪያ ከፎቶዳዮዱ ጋር ያለውን ሬዚስተር እዩ። ፎቶዳዮዱ 50 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ ካለው፣ ከ1 ሜጋኦም ጋር 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይታነቃል። በ10 ኪሎኦም ስትቀይሩት ወደ 300 ኪሎኸርዝ ይወጣል። ሲግናሉ ይደክማል፤ በአምፕሊፋየር አንሱት።

ቀጣዩ ማነቆ ነጭ ኤልኢዲ ላይ ያለው ፎስፈር፣ ማለትም ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ቢጫ የሚቀይረው ሽፋን ነው። ቢጫ ብርሃኑ ቶሎ ስለማይጠፋ ጥቂት ሜጋኸርዝ ላይ ይቆማል። ተቀባዩ ፊት ሰማያዊውን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር አድርጉ። ኦኤፍዲኤም የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ነው። ብርሃን ከዜሮ በታች ስለማይወርድ ቋሚ ባያስ (ሲግናሉን ከዜሮ በላይ የሚያነሳ ቋሚ ከረንት) ይፈልጋል፤ ባያሱ ካነሰ የሲግናሉ ታች ይቆረጣል።

መስኮት አጠገብ ጭራሽ ዝም ይላል

የጥቅምት ፀሐይ ተቀባዩን ጣራ አስነክታዋለች። ኋላ ላይ ያለ ፊልተር አያድነውም። ሬዚስተሩን ቀንሱ፣ ጥቁር ቱቦ አልብሱት፣ ወይም ፊቱን ከመስኮቱ አዙሩ።

መብራቱ ሲደበዝዝ ግንኙነቱ ይቋረጣል

ዲመሩ ራሱ መብራቱን እየቆራረጠ ከዳታው ጋር ይጋጫል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የብርሃን ግንኙነት ስታንዳርድ፣ አይትሪፕልኢ 802.15.7፣ ለዚህ ቪፒፒኤም (VPPM) የሚባል ዘዴ አስቀምጧል፦ ዳታው በፐልሱ ቦታ ይሄዳል፣ ድምቀቱ በፐልሱ ስፋት ይስተካከላል። ዲመሩን ንቀሉና ማደብዘዙን ለማይክሮኮንትሮለሩ ስጡት።