ትራክተሩ አንዴ ይነሳል አንዴ እምቢ ይላል? ሞተሪኖ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን እዩ

ፎገራ ላይ ሩዝ የምታርሱም ሆነ ኮጋ መስኖ አካባቢ ያላችሁ፣ የድሮ ማሲ ፈርጉሰን ያለው ሰው ይሄን ችግር በደንብ ያውቀዋል። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ከሰዓት ማሳው መሀል ሲያጠፉት ጠክ ብሎ ዝም። ከዛ ተጎትቶ ባህር ዳር ጋራዥ ሲደርስ ምንም እንዳልሆነ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ሜካኒኩም ምኑን ይስራው፣ በግምት ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲያዝ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን እቃ) ቀይሩ ይላችኋል። እባካችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። አንዴ እየሰራ አንዴ የሚያቆም ነገር ብዙ ጊዜ የላላ ወይ የዛገ ግንኙነት ነው፣ እሱ ደግሞ የሚገኘው እምቢ ባለበት ሰዓት እዛው ቦታው ላይ ሲለካ ነው። ስለዚህ ርካሽ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ገዝታችሁ የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ።

መጀመሪያ ድምፁን ስሙ። ጠክጠክጠክ እያለ የሚደጋግም ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይ ገመዱ ጋር ችግር አለ። አንዴ ጠክ ብሎ ዝም ካለ ገመዱ፣ ሶሎኖይዱ (ቁልፍ ሲያዝ ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኘው ስዊች) ወይ ሞተሪኖው ራሱ ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ወደ ቁልፉና ወደ ማርሹ ስዊች ሂዱ፣ ማሲ 135 ላይ የከባድና ቀላል ማርሽ ዘንጉ ፍሪ ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው ኤሌክትሪክ አያገኝም፣ ዘንጉ ሲያረጅ ደግሞ ፍሪ ላይ ሆኖም ስዊቹን በደንብ ላይጫነው ይችላል። ዘንጉን ትንሽ ወዘወዝ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለው ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፣ ቻርጅ አድርጉት። ቁልፍ ተይዞ ሞተሪኖው እየዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውን ጠርጥሩ (ይሄ ሁሉ ለ12 ቮልት ነው፣ 24 የሆነም ትራክተር አለ)።

አሁን ዋናው ገመዱ ነው። የማሲ 135 ባትሪ ከራዲያተሩ ፊት ነው የሚቀመጠው፣ ሞተሪኖው ደግሞ ወደኋላ ነው፣ ስለዚህ ገመዱ ረጅም ነው፣ በክረምት የፎገራ ጭቃና ውሃ ደግሞ ፊት ለፊት ነው የሚመታው። ገመዱ ከላይ ደህና መስሎ ፕላስቲኩ ውስጥ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቶ ታገኙታላችሁ። አለካኩ እንዲህ ነው፣ ማርሹን ፍሪ አድርጋችሁ የሞተር ማጥፊያውን ስባችሁ ያዙት እንዳይነሳ፣ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ ቁልፍ ይያዝ፣ እናንተ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ ሌላውን ሞተሪኖው ላይ ገመዱ የሚታሰርበት ወፍራም ቡለን ላይ አድርጉ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። በኔጋቲቩም እንደዛው፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው ቦዲ። ይሄኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ቀለምና ዝገት ላይ የታሰረ ኔጋቲቭ ስንቱን ደህና ሞተሪኖ አስቀይሯል!

ቴስተር ከሌለ ፊት መብራቱን አብርታችሁ ቁልፍ ያዙ። መብራቱ ከደበዘዘ ወይ ከጠፋ ባትሪ ወይ ግንኙነት ነው፣ እንደበራ ከቀረና ጠክ ብቻ ካለ የሶሎኖይዱ ውስጠኛ መዳብ ተቃጥሏል ወይ የሞተሪኖው ካርቦን (ውስጡ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቁራጭ) አልቋል። ካርቦን ከሆነ ሞተሪኖውን በእንጨት ቀስ ብላችሁ ስትመቱት ሊነሳ ይችላል፣ ያ ማለት ግን ተሰራ ማለት አይደለም፣ ካርቦኑ ይቀየር።

አንድ ነገር ግን በጣም እለምናችኋለሁ፣ መሬት ላይ ቆማችሁ በካቻቢቴ ሞተሪኖውን አገናኝታችሁ አታስነሱ። የማርሹን ስዊች ስለምታልፉት ማርሽ ውስጥ ከሆነ ትራክተሩ ተነስቶ የኋላ ጎማው ላያችሁ ላይ ነው የሚወጣው፣ ሰው በዚህ ይሞታል። ልጆች ሲያደርጉት ካያችሁም ከልክሉ።

ስታጸዱ ኔጋቲቩን ቀድማችሁ ፍቱ፣ ስትመልሱ መጨረሻ እሰሩት። ራሶቹን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ፈትጉ፣ አጥብቁ፣ ከላይ ግሪስ ቀቡ። ሲነሳ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲሰራ 14 ቮልት አካባቢ ካላሳየ ዲናሞው አይሞላም፣ ባትሪው ነገ ተመልሶ ይደክማል።