በወረቀት የጸደቀ፣ በተራራው የደረቀ ችግኝ፦ የደን ኦዲት ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ሪፖርቱ ችግኙ ጸድቋል ይላል፤ ተራራው ግን ራቁቱን ነው። በወሎ ክልከላዎች፣ ማለትም ደን እንዲያገግም ከከብትና ከሰው በተከለሉ ተራራዎች፣ ደጋግሜ የማገኘው ይህንን ነው።

መንስኤው፦ ቆጠራው በመስከረም ተካሂዶ በዚያው ያልቃል። ሐምሌ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ባይዝም ክረምቱ አረንጓዴ አድርጎ ያቆየዋል። የወሎ ችግኝ የሚፈተነው ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ በልግ ከቀረ ደግሞ እስከ ክረምት ውሃ አያይም። በዚያ ላይ ቆጣሪው ራሱ ያስተከለው ሰው ነው። የራሱን ሥራ ማን ይጥላል?

አንድ ግንቦት ከኮምቦልቻ በላይ ያለ ክልከላ ወጣን። ከመንገድ ዳር ያሉት ረድፎች ለምለም ናቸው። ግማሽ ሰዓት ሽቅብ እንደሄድን ግን ጉድጓዱ ሁሉ ባዶ ሆነ። አንድ የደረቀ የወይራ ችግኝ ነቀልኩ፤ ከነፕላስቲኩ ተቀብሯል፣ ሥሩ መውጫ አጥቶ እንደ ድውር ተጠምጥሟል። ቀጥሎ ያለውን ነቀልኩ፣ ያው ነው። የክልከላው ጠባቂ አባት «የኔ ልጅ፣ ቆጣሪ እስከዚህ ወጥቶ አያውቅም» አሉኝ። ፕላስቲክ መቅደድ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም! ለዚህ ስንፍና ይቅርታ የለኝም።

መፍትሄው፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በዓመት ሁለት ጊዜ ይቆጠር። መስከረም ላይ የተተከለው ልክ ይያዝ፤ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አዲስ ተከላ ሳይጀመር፣ በሕይወት ያለው ይታይ። ቆጣሪው ከሌላ ወረዳ ይምጣ። የሚቆጠረው ቦታ በዕጣ ይውጣ፤ አስተካዩ እየመራ አያሳይ። ቀኑን አስቀድማችሁ አትንገሩ። አደራ፣ አትንገሩ! በግንቦት ድርቅ ችግኙ ሥር ያለው አፈር አዲስ የተቆፈረ ከሆነ፣ መምጣታችሁን ሰምተው የሞተውን ተክተዋል ማለት ነው።

ከ3 ዓመት በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ ግን አይራቅ። ኤፍኤስሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የደን ምስክር ወረቀት የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነው፤ እንዲያም ሆኖ ኦዲተሩ በየዓመቱ ይመለሳል።

በወሎ እንዳሉት የጎፍና ደንቆሮ የሚባሉ ነባር ደኖች ውስጥ ችግኝ ሳይሆን ጉቶ ቁጠሩ። በቅጠልና በአፈር የተሸፈነ ጉቶ ካገኛችሁ ዙሪያውን አስሱ፤ ብቻውን አይሆንም።

ጂፒኤሱ ከካርታው ካልገጠመ፦ አንዱ በአዲንዳን፣ ሌላው በደብሊውጂኤስ 84 ተሞልቷል፤ ሁለቱ የተለያዩ የካርታ መነሻ ልኬቶች ናቸው። ልዩነቱ ከ100 ሜትር በላይ ስለሆነ የጎረቤት ቀበሌ ደን ቆጥራችሁ እንዳትመለሱ።

ግኝቱ በየዓመቱ ያው ከሆነ፦ ያለፈውን ዓመት ግኝት ይዛችሁ ውጡ፤ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ይሁን። ማን በየትኛው ወር እንደሚያስተካክልም የደን ማኅበሩ አባላት ባሉበት ጻፉና አስፈርሙ።