ኢኮኖሚ ሲናጋ የሚያኖር ቦታ፦ መኖሪያን አስቀድሞ ለመምረጥ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የተነሣው ጥያቄ ደመወዝ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ብቻ አልነበረም፤ ነገሩ ከዚህም ቢብስ የት ሆነን እናሳልፈዋለን የሚለውም አብሮ ተነሥቷል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። በዋናነት የምጽፈው በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች በደመወዝ ወይም በአነስተኛ ንግድ ለሚተዳደር፣ ተከራይቶ ለሚኖር ወይም አንድ ቤት ብቻ ላለው ቤተሰብ ነው።

ቦታ ከመምረጥ በፊት የራስን ቤት መመርመር ይቀድማል። ለአንድ ሳምንት ያህል ደብተር ይዘው በገንዘብ ተገዝቶ ወደ ቤትዎ የገባውን ሁሉ፣ ውሃና ከሰሉን፣ የታክሲውንና የስልኩን ሒሳብ ሳይቀር ይመዝግቡ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ ከየት እንደመጣና ገንዘብ ባይኖር በምን ሊተካ እንደሚችል ይጻፉ። አብዛኛው ከተሜ ይህን ሲያደርግ ያለ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው ነገር ከሞላ ጎደል እንደሌለ ይገነዘባል። ለክፉ ቀን የሚሆን መኖሪያ እንግዲህ በየቀኑ በገንዘብ የሚገዛው ነገር የሚያንስበት፣ የሚገዛውም ከቅርብ የሚመጣበት፣ ገንዘብ በጠፋ ዕለት ደግሞ በዱቤ የሚያምንዎት ሰው ያለበት ስፍራ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ መለኪያ ይነሣል።

ውሃ

ምርመራውን ከውሃ መጀመር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2008 ገንዘቧ ፈጽሞ ዋጋ ባጣበት ጊዜ፣ የማዘጋጃ ቤቶቹ የውሃ ማከሚያ ኬሚካል መግዛትና የውሃና የፍሳሽ መስመሮችን መጠገን ስላቃታቸው፣ በሐራሬና በአካባቢዋ ባሉ የተጨናነቁ ሰፈሮች የተነሣው ኮሌራ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ4,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በዚያ ዘመን የ100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት መታተሙን ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ የውሃውን ነገር የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ለመኖሪያ ምርጫ ትልቁን ትምህርት የያዘው ይኸው የውሃው ታሪክ ነው።

እኔ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዓመታት ኖሬአለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ ግፊቱ እኛ ዘንድ ስለማይደርስ፣ በሌሊት ተነሥተን ከምድር ቤት በጀሪካን እየቀዳን በደረጃ እናወጣ ነበር። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና በነፍስ ወከፍ በቀን 15 ሊትር ቢበቃው እንኳ 75 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም በየቀኑ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። እናት አባት ሲያረጁ ወይም ሴቲቱ ስታረግዝ ይህን ማን ይሸከመዋል? ስለዚህ በችግር ጊዜ ፎቅ የግድ ከሆነ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ይምረጡ፤ ከተቻለ ግን የራሱ ጣራና የራሱ ግቢ ያለውን ቤት፣ ትንሽም ያረጀም ቢሆን፣ ያስቀድሙ።

ጣራ በራሱ የውሃ ምንጭ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ያወርዳል። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብባት አዲስ አበባ 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ፣ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ፣ ከ38,000 ሊትር በላይ ይሰጣል። ችግሩ ዝናቡ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም መሆኑ ነው፤ አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ከላይ ባሰላነው ፍጆታ የሚያቆየው 13 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ለበጋው ሌላ ምንጭ ያሻል። በመሆኑም ለመኖሪያ ያሰቡት ሰፈር በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ቦኖ፣ የተጠበቀ ምንጭ ወይም በበጋ የማይደርቅ የእጅ ጉድጓድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ካለ ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ያህል ይራቅ፤ በተጠጋጉ ግቢዎች የራስዎ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትዎም መጸዳጃ መለካት አለበት።

እህልና ጓሮ

«ጓሮ ያለው ቤት ካገኘሁ ቤተሰቤን እመግባለሁ» የሚል ተስፋ በብዙዎች ዘንድ አለ። እስቲ እናስላው። ጤፍ በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ ከሄክታር 18 ኩንታል ገደማ ይሰጣል። በዚህ ሒሳብ 200 ካሬ ሜትር ጓሮ የሚያወጣው 36 ኪሎ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብንመድብ አምስት ሰው በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። ጓሮ እህል የሚመረትበት ሳይሆን ወጡን የሚሸፍን ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጥቂት ዶሮ ከጓሮ ሲገኙ፣ በየቀኑ ከኪስ የምትወጣው ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ትቀራለች። የሶቪየት ኅብረት እርዳታ እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ በተቋረጠ ጊዜ የኩባ ዋና ከተማ የሃቫና ነዋሪዎች ባዶ ቦታዎችን ሁሉ ወደ አትክልት መደብ የቀየሩት በዚሁ ምክንያት ነበር። ከተማቸውን ጥለው አልወጡም፤ ነገር ግን የሚቆፈር መሬት ነበራቸው። እርስዎም በከተማ ለመቆየት ከወሰኑ ቤቱን ከማየት በፊት መሬቱን ይዩ።

እህሉን በተመለከተ አምራች አካባቢን የሚያዋስን የገበያ ከተማ ይበልጣል። ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው በደረቅ ስፍራ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ምርት በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር የዓመቱን ቀለብ በአንድ ጊዜ መግዛት ለሚችል ቤተሰብ፣ ከአዲስ አበባ ወፍጮ ቤት በየሳምንቱ በኪሎ ከመግዛት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ብዙ ነው። በስሌታችን መሠረት አምስት ሰው በዓመት 9 ኩንታል ገደማ ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚያስቀምጥ ደረቅ ክፍል በቤቱ ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ።

በደቡቡና በደቡብ ምዕራቡ የእንሰት ምድር፣ ማለትም በጉራጌ፣ በሐዲያ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦና በወላይታ፣ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። እንሰት የመሰብሰቢያ ወር የለውም፤ መሬት ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ቆጮም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከዚያ አካባቢ የወጣችሁ፣ የወላጆቻችሁ ጓሮ እስካሁን እንሰት ያለው ከሆነ፣ ያንን ጓሮ ከባንክ ሒሳባችሁ እኩል ቁጠሩት። አዲስ የተተከለ እንሰት ግን ለመድረስ ከአራት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ችግር ሲመጣ ተክሎ የሚደርስበት ሰው የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ሲሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 ኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በከለከለች ጊዜ የሩዝ ምርቷ ክፉኛ አሽቆለቆለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዶላር ሲያልቅባት ደግሞ ገጠሩም ከተማውም በነዳጅ ሰልፍ ቆመ። እኛም ማዳበሪያችንንና ነዳጃችንን የምንገዛው ከውጭ ነው። ስለዚህ በገጠር የሚኖር ሁሉ ከችግሩ ውጪ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው እምብዛም አልጨመረም ነበር፤ ሰው ያለቀው በእጁ የሚሸጥ ነገር ስላልቀረው ነው። እህል ያለበት አገር ውስጥ መኖር ብቻውን አያድንም፤ እህሉን የማግኛ መብት ወይም የሚፈለግ ሙያ ያስፈልጋል።

የገጠር መሬት መግዛት ለሚያስቡ

ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከአርሶ አደር ጋር በሽማግሌ ፊት የተፈረመ የመሬት «ሽያጭ» ውል በፍርድ ቤት አያስጠብቅም፤ ችግር በጠናበት ዓመት ደግሞ ሻጩ መሬቱን መልሶ መፈለጉ አይቀርም። ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ግን የበሬውን፣ የዘሩንና የማዳበሪያውን ወጪ ችሎ በእኩል ማሳረስ ይችላል። ይህ ሁለቱንም ወገን የሚጠቅም፣ አገሬው የሚያውቀውና በክፉ ዓመትም የማይካድ መንገድ ነው። በከተማ ዳር የሚሸጥ የጨረቃ ቤትም የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርብዎ።

ሰው

በትግራይ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ባንክ፣ መብራትና ስልክ በተቋረጠባቸው ወራት፣ በመቀሌ በሒሳብ ደብተሩ ገንዘብ ያለው ሰው የራሱን ገንዘብ ማውጣት አልቻለም ነበር። መምህሩም ሐኪሙም ያለ ደመወዝ ሠርቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚደገፈው በዘመድና በጎረቤት ነው። ስለዚህ ስፍራ ሲመርጡ «ስንት ሰው በስሜ ይጠራኛል?» ብለው ይጠይቁ። እድሩን ያነጋግሩ፤ አዲስ አባል ይቀበላል ወይ፣ የመግቢያ ክፍያው ስንት ነው፣ መዋጮ ያቃተውን አባልስ ምን ያደርገዋል? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ የሚሰጥዎት መልስ ስለ ሰፈሩ ብዙ ይነግርዎታል።

ይህ ነገር በውጭ ለሚኖሩ እህቶቻችንም ይሠራል። የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀበት በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ደመወዝ በዶላር መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላ ደጃፍ ላይ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄደዋል። የመኖሪያ ፈቃድ በአንድ አሠሪ እጅ በሚንጠለጠልበት አገር፣ በከፋላ ሥርዓት ውስጥ፣ የሚኖር ሰው የአገሩ ገንዘብ መውደቅ ሲጀምር የመመለሻ ቲኬቱን ዋጋና ፓስፖርቱን በእጁ ማድረግ ይኖርበታል።

መንገድ፣ ማገዶ፣ ሰላም

የመረጡት ከተማ ስንት የመውጫ መንገድ እንዳለው በካርታ ይቁጠሩ። አንድ መንገድ ብቻ ያለው ከተማ ያ መንገድ በተዘጋ ቀን ዘይቱም ስኳሩም መድኃኒቱም ይቆማል። የትኛው መስመር በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚዘጋ ከጭነት መኪና ሹፌሮች በላይ የሚያውቅ የለም፤ በመናኸሪያ ሻይ ጋብዘው ይጠይቋቸው። ሰላም የሌለበት ቦታ በውሃውም በእህሉም ቢታደል ከዝርዝርዎ ይውጣ፤ የትውልድ መንደርዎ ቢሆንም እንኳ፣ ልብ ቢያምም፣ ከዚህ አልወጣም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በተለመደበት ቤት መብራት ሲጠፋ እንጀራ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በምርጥ ምድጃ ወይም በላቀች የከሰል ምድጃ መጋገርና ማብሰል የሚያስችል፣ ጢስ የሚወጣበት የጭስ ቤት ያለው ግቢ ይምረጡ። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ በቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ከሪፈራል ሆስፒታል አይራቁ። ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቆላማ ከተሞች ወባ እንዳለም ያስቡ፤ የወባ መድኃኒትም በዶላር ይገባል።

ከመወሰን በፊት

ያሰቡትን ከተማ በመስከረም፣ ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ በሆነበት ወቅት፣ አይጎብኙት። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ሄደው ሁለት ሳምንት ይቆዩ፤ ቢያንስ ሁለት የገበያ ቀን ይዋሉ። የጀሪካን ውሃ ዋጋ ከጋሪ ነጂው፣ መብራት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚኖር ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ይጠይቁ። ሙያዎ እዚያ ይፈለግ እንደሆነ በተግባር ይፈትኑ፤ ልብስ ሰፊ፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ ነርስና የውሃ ቧንቧ ጠጋኝ በየትኛውም ዘመን ሥራ አያጣም፤ ከውጭ በሚገባ ሸቀጥ ንግድ የሚተዳደር ሰው ግን ቦታ ከመቀየሩ በፊት ሁለተኛ ሙያ ቢማር ይሻለዋል።

ያለዎትን ቤት ሸጠው ብሩን ባንክ አስቀምጠው አይሂዱ፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት እንዲህ ያደረገ ሰው የውጭ ዕቃ የመግዛት አቅሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በግማሽ ሲቀንስ ተመልክቷል። ቤቱን ማከራየት ወይም ለዘመድ መተው ይሻላል። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውልዎን በጽሑፍ አድርገው ያስመዝግቡ፤ አዋጁ ከሁለት ዓመት ያላነሰ የውል ዘመን ስለሚሰጥዎት፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላውን ቦታ በእርጋታ ማዘጋጀት ይችላሉ። ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ባይነሣም ግድ የለም። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ የቤተሰብ አባል ሄዶ እድር ይግባ፣ ጓሮውን ያልማ፣ ሮቶውን ያስተክል፣ በጥር ጤፉን ይግዛ፤ ልጆቹ የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ፣ ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሳይበረታና መንገዱ ሳይበላሽ ይከተሉት።